አንጓች የፈተለችው የመጨረሻ ጋቢ

በአንድ ወቅት፣ የየትኛው ንጉሥ ዘመን ነው እያላችሁ ግን አታድርቁኝ፣ መድኃኒት ቤትም አውቶቡስም የነበረበት ዘመን ነው፣ ግራር አምባ በምትባል የአፋፍ አገር አንጓች የምትባል ፈታይ ነበረች። ፈታይስ በየቤቱ ሞልቷል። የአንጓች ፈትል ግን ሌላ ነበር። ሸማኔው አያ ውቤ ሰው ማመስገን ሞቱ ነው። የሌሎቹን ልቃቂት ሲቀበል እያገላበጠ ይነጫነጫል፤ የሷን ሲቀበል ግን አንድ ቃል ሳይወጣው ወስዶ ያስቀምጣል። አገሩም ይህን እያየ ሰርግ በደረሰ ቁጥር «አንጓች ትፍተልልን» እያለ ደጇን ይጠና ነበር።

አንጓች ባሏ ትቷት የሄደ፣ ልጅም ያላገኘች ሴት ናት። እናቷ በተወችላት ጎጆ ብቻዋን ትኖራለች። ያላት እጇ ነው፤ የምትበላውም የምትከበረውም በእጇ ነው። ሦስት ወንድሞች አሏት። አስረስና ጫኔ ታላላቆቿ ናቸው፣ ካሴ ታናሿ። ሦስቱም ይወዷታል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ላይ «ቢጠሏት ነው» ብላችሁ በችኮላ እንዳትፈርዱ ነው።

ፈታይ እንዝርቷን የምታሾረው ባዶ ጭኗ ላይ ነው። ቀሚሷን ሰብሰብ ታደርግና በመዳፏ ጭኗ ላይ ስትሰደው፣ እንዝርቱ እየሾረ ሲወርድ ክሩ ይወጣል። ይህ ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ነው። ስለዚህ በቀኝ ጭኗ ላይ አዝራር የምታህል ደረቅ ነገር ብቅ ስትል ማንም አልደነገጠም። «የእንዝርት ነው» አሉ ጎረቤቶቿ፤ እያንዳንዳቸው ጭናቸው ላይ የደደረ ቦታ አላቸውና። የአንጓች ግን እየሰፋች መጣች። ዳር ዳሯ ቀላ ብሎ ከፍ ያለ፣ መሃሏ ነጣ ያለና ቅርፊት የሚያራግፍ፣ ፀጉር የማያበቅል። አታሳክክም፣ አትቆጠቁጥም። «ተመስገን፣ እንኳን አላሳከከችኝ» ትል ነበር አንጓች። ምን ታድርግ፣ ላላሳከከ ነገር ማን ይጨነቃል?

በዓመቱ አንዷ ክንዷ ላይ፣ ሌላዋ ክርኗ አጠገብ ወጡ። ጭን ይሸፈናል። ክንድ ግን ለሥራ ሲሰበሰብ ይታያል። አንድ ቀን ገበያ ላይ ጥጥ የምትሸጥላት ሴት ክንዷን አየችና ጥጡን በእጇ መስጠቱን ትታ መሬት ላይ አስቀመጠችላት። አንጓች ጥጡን አንሥታ ቤቷ ገባች፣ እስኪወጣላትም አለቀሰች። ከዚያ ወንድሞቿን ሰብስባ እንዲህ አለች፦ «ከዚህ ነገር ያወጣኝን በገዛ እጄ ፈትዬ ጋቢ አለብሰዋለሁ።»

በግራር አምባ ይህ እንደዋዛ የሚወጣ ቃል አይደለም። ባል የሌላት ሴት በሰው ፊት ጋቢ ያለበሰችው ወንድም ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቷ ይሆናል። ስለሷ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ የምትጦረው እሱ ቤት ነው፣ የምትቀበረውም በእሱ እጅ ነው። ሌሎቹ ከኋላው ይቆማሉ። በዕድሜም አንዴ ብቻ የሚደረግ ነገር ነው።

ቀድሞ የተነሣው አስረስ ነው። በኩር ነው፣ መጠበቅ አያውቅም። «ይሄማ ጭርት ነው፤ አባታችንን ይዞት አልነበር? በቁልቋል ወተት ለቀቀው» አለ። የመንደሩ መድኃኒት አዋቂ ግን የአጥሩ ቁልቋል ለጋ ነው፣ አይረባም፣ ከገደሉ ሥር ያለው አሮጌው ይሻላል፤ ወተቱም ሳይደርቅ በዚያው ቀን መቀባት አለበት አለው። አስረስ በማለዳ ገደሉን ወረደ። አንዱን ቅርንጫፍ በገጀራ ሲመታው ወተቱ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። የቁልቋል ወተት ዓይን ከገባ ምን እንደሚያደርግ አጥር ያጠረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ወንዙ ከሥር ነበር። ወርዶ ዓይኑን ሲታጠብ ቢውል ግን በቅል የያዘው ወተት ሊደርቅበት ነው። ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠፍሮ ሽቅብ ወጣ።

ደርሶ ወተቱን ክንዷም ጭኗም ላይ አንጠባጠበላት። ሌላ ሰው ቢሆን በጩኸት አገር ያስነሣ ነበር። አንጓች ቁጭ ብላ ታየዋለች።

«አያምሽም?»

«ምንም አያ አስረስ።»

«አንቺ የወንድ ወንድ ነሽ» አለ አስረስ፣ በአንድ ዓይኑ እያነባ። ኮራባት። ለመንደሩ ሁሉ እየዞረ አወራላት። ቆዳዋ ግን ተልጦ፣ ቆስሎ፣ ጠባሳ ሠርቶ፣ ለሁለት ወር የዳነ መሰለና ከጠባሳው ዳር ያ የቀላው መስመር እንደገና ብቅ አለ። የአስረስ ዓይን ደግሞ ነጣ፣ ታውሮ ቀረ። አንድም ቀን ሲያማርር አልተሰማም። «እኔ ሁለት ዓይን ነበረኝ፣ እህቴ ግን አንድ ናት» ነበር የሚለው። አንጓች ይህን በሰማች ቁጥር የምትገባበት ይጠፋታል።

ጫኔ የከተማ ሰው ነው፣ ልብስ ሰፊ። የእሱ ነገር ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ። ጫኔ ራሱ የቆዳ ሕመም ነበረበት። ክርኖቹና ጉልበቶቹ ላይ ቀይ መደብ፣ በላዩ እንደ ሻማ ፍቅፋቂ የሚራገፍ ነጭ ቅርፊት። ሐኪም ዘንድ ሄዶ በደንብ አሳይቷል። «ሶርያሲስ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዘር ሊመጣ ይችላል። ጨርሶ አይጠፋም፣ ግን በዚህ ቅባት ይታገሥልሃል» ተብሏል። እናም እህቱ ዘንድ መጥቶ ክንዷን ሲያይ እጅጌውን ጠቀለለና ክርኑን ከክርኗ አጠገብ አስጠጋ። ሁለቱ መደቦች ጎን ለጎን ሆኑ። መቅላታቸው አንድ፣ ዳራቸው አንድ፣ ቅርፊታቸው አንድ።

«አየሽው? የኔው ነው» አለ ጫኔ። «ያንድ እናት ልጆች አይደለንም? ከእናታችን ነው የወረስነው። አይጋባም፣ ማንም ሊሸሽሽ አይገባም።»

አንጓች ያን ቀን እንደገና አለቀሰች፣ ይሄኛው ግን የደስታ ነው። ለበሽታዋ ስም አገኘች። ስሙም የሚያሳፍር አልነበረም፤ ወንድሟም ተሸክሞት እየበላ፣ እየጠጣ፣ እየሠራ የሚኖርበት ነው።

ቅባቱ ግን እንደልብ አይገኝም። የከተማዋ መድኃኒት ቤት የሚመጣለት በሁለት ወር አንዴ ነው፣ የሐኪም ወረቀት ላለው ሰውም አንድ ብቻ ነው የሚሰጡት። ጫኔ መጀመሪያ ለሁለት ከፈለው። ኋላ «እኔ ተሽሎኛል» ብሎ ሙሉውን ላከላት። ምን ተሽሎት! ክርኖቹ ተሰነጣጥቀው ይደሙ ነበር። ደሙ የሚሰፋውን ነጭ ልብስ እየነካ ደንበኞቹ አንድ ባንድ ሌላ ሰፊ ፈለጉ። ላኪው ሲደማ የአንጓች ክንድ ለሰለሰ፣ መቅላቱ ረገበ፣ ቅርፊቱ ጠፋ። ጥጥ ሻጯም በእጇ መስጠት ጀመረች። አንጓች ለአራት ሰርግ ፈተለች፤ በመሃሉም ለጋቢው የሚሆነውን ድር፣ የመቼውንም የሚበልጠውን፣ ፈትላ ጨረሰች። ያ ዓመት የሕይወቷ ጥሩው ዓመት ነበር።

አንድ ቀን ጫኔ ሊጠይቃት መጥቶ ክርኑን ሲያክ አየችው።

«ያሳክክሃል እንዴ?»

«እንዴታ! ያንቺ አያሳክክሽም?»

«በጭራሽ።»

«አንቺስ ታድለሻል» አላትና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ስለ ዝናብ አወሩ። የሁለቱ በሽታ ልዩነት ያለው እዚያች ላይ ነበር፣ በእጃቸው ይዘዋት አለፏት። ቅባቱ ላዩን ሲያሳምር ከሥር ያለው ሥራውን አላቆመም። በዓመቱ መጨረሻ አንጓች ትንሿ ጣቷ የሷ ያልሆነች እየመሰላት መጣ። «ብርድ ነው» አለች።

አሁን ካሴ። ካሴ ከመንደሩ ርቆ አራት ዓመት በአንድ ሆስፒታል ዘበኛ ሆኖ ሠርቶ የተመለሰ ነው። ያ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ነበር፤ ካሴም ሲገቡና ሲወጡ በር ከፍቶላቸዋል፣ አብሯቸው ተጫውቷል። እህቱ ወንድሞቿን ሰብስባ ቃል የገባች ዕለት ፀሐይ ላይ ነበር የተቀመጡት። የክንዷ ቆዳ አልቦታል፣ ያቺ መደብ ብቻ ደርቃለች። ካሴ አየ። ሥጋ ደዌ መሆኑን አወቀ። ኪኒን እንዳለውም ያውቃል፣ ቶሎ ከተወሰደ ምንም ሳይነካ እንደሚለቅም ያውቃል። ዝም አለ።

ለምን ዝም አለ? ሁለት ምክንያት ነበረው፣ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ። አንደኛው ለእሷ ነው። «ስሙን ካነሣሁት ፈትሏን ማን ይለብሳል? ከእጇስ ማን ይበላል?» አለ በልቡ። ሁለተኛው ለራሱ ነው። ሽማግሌ ልኮ የታጨችለት ልጅ ነበረች፣ ቤተሰቦቿ ደግሞ ዘር ቆጣሪ ናቸው። ጫኔ መጥቶ ክርኑን ከክርኗ ሲያስጠጋ ካሴ እዚያው ነበር። ሁለቱ መመሳሰላቸውን ሲያይ እንደሚሰምጥ ሰው ያን ተስፋ ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። ‹ሶርያሲስ ቢሆንስ? ጫኔን ያየው እኮ ሐኪም ነው፣ እኔ ዘበኛ ነኝ› አለ። ውስጡ ግን አላመነውም። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ።

አንድ ከሰዓት ካሴ እህቱን ሊጠይቅ ሲገባ የጋቢውን ማግ ስትፈትል አገኛት። ከጣቷ የሚወጣው ክር ቀይ ነበር። የእንዝርቱ ሹል ጫፍ ጣቷን ወግቶ ደሙ ይወርዳል፣ እሷ ትፈትላለች።

«እታለም፣ እጅሽ።»

«እጄ ምን ሆነ?» አለችው። ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ጣቷን አየች፣ ከዚያ ክሩን። ምን ያህል እንደ ፈተለች ወደ ኋላ በዓይኗ ተከተለችው፤ ልቃቂቱ እስከ ውስጡ ቀልቷል።

ካሴ መሬት ላይ ቁጭ አለና ሁሉንም ነገራት። ሁለቱንም ምክንያት። አንጓች አልጮኸችበትም። «ሁለት ዓመት?» ብቻ አለችው።

በማግስቱ ጠዋት እጇን ይዞ በገበያው መሃል፣ ሰው እያየ፣ ወደ አውቶቡሱ ወሰዳት። «ወዴት ናችሁ?» ላለው ሁሉ የሆስፒታሉን ስም ሳይደብቅ ነገረ። ሳምንት ሳይሞላ የታጨችለት ልጅ አባት ሽማግሌዎቹን ልኮ እጮኝነቱን አፈረሰ። ካሴ እስከ ዛሬ አላገባም።

በሆስፒታሉ አንዲት ሲስተር አንጓችን አስቀመጠቻትና «ዓይንሽን ጨፍኚ። ጥጥ ሲነካሽ የነካሽን ቦታ አሳዪኝ» አለቻት። አንጓች ጥጥ ሲባል ትንሽ ደስ አላት። ከጥጥ ጋር ነው ያደገችው፤ ጥጥ ምን ያደርጋታል? ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ቆየች። ሴትዮዋ የረሳቻት መሰላት።

«ሲስተር፣ መቼ ነው የምትነኪኝ?»

«ዘጠኝ ጊዜ ነካሁሽ እህቴ።»

አንጓች ዓይኗን አልገለጠችም። ከገለጠችው ጥጡን እጇ ላይ ልታየው ነው፣ ያን ማየት አልፈለገችም።

ሲስተር ሰው የምታስረዳ ሴት ነበረች። «የወንድምሽ በእርግጥም ሶርያሲስ ሊሆን ይችላል» አለቻት። «እሱን የሚመስል ግን ብዙ ነው። ጭርት ይመስለዋል፣ ችፌ ይመስለዋል፣ ይሄም ይመስለዋል። በዓይን ብቻ ሐኪምም ይሳሳታል። ያንቺ ሥጋ ደዌ ነው። መደቡ ስሜት የሌለው ከሆነ መጠርጠር ያለበት እሱ ነበር። ኪኒን ትወስጃለሽ፣ ትድኛለሽ። ከጀመርሽ በኋላ ለማንም አታስተላልፊም።»

«ጣቶቼስ?»

ሲስተር መዝገቡን ዘጋች። «ኪኒኑ በሽታውን ይገድላል። የሞተውን ነርቭ ግን አያስነሣም። ከሁለት ዓመት በፊት ብትመጪ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምነግርሽ።» ካሴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

አንጓች ኪኒኑን አንድም ቀን ሳታጓድል ጨረሰች። ዳነች። ወረቀትም ሰጧት። ሁለት ጣቶቿ ታጥፈው ቀሩ፣ የቀሩት ቀጥ ብለዋል፣ ግን እንጨት ናቸው። መደንዘዙ ወደ ግራ እጇም ተሻግሮ ነበር። አገሯ ስትገባ የደማውን ልቃቂት ጣለችና የጎደለውን ማግ በዓይኗ እያየች ፈተለች። ክር በዓይን አይፈተልም። አንዴ ይወፍርባታል፣ አንዴ ይበጠስባታል፤ አንድ ልቃቂት ለመሙላት ወር ፈጀባት። ጨርሳ ለሸማኔው ላከች። ሲስተር ከዚህ በኋላ እንዝርት እንዳትነካ አስጠንቅቃታለች፣ የማይሰማ ጣት ሳያውቅ ይቆስላልና። የሚያስፈትላትም ሰው አልነበረም። ወረቀቷን አንብቦ የዳነች መሆኗን የሚያምን አልተገኘም።

በአንድ እሑድ አያ ውቤ ጋቢውን ይዞ መጣ። ግቢው ውስጥ ሦስቱ ወንድሞችና ጥቂት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። የቀረው ሕዝብ ከአጥሩ ውጪ ቆሟል። አያ ውቤ ጋቢውን ዘረጋና ጣቱን አስኬደበት።

«ድሩ የአንጓች ነው» አለ። «ማጉን ማን ፈተለው?»

«እኔው ነኝ አያ ውቤ።»

«አላወቅሁሽም» አለ ሽማግሌው። ጋቢውን ክንዷ ላይ አደረገላትና ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ «የገባሽውን ቃል ፈጽሚ» አሏት። ወንድሞቿም ተነሡ።

«እኔ ዓይኔን ሰጥቻታለሁ» አለ አስረስ። «ቁልቋሉ ባያድናትም፣ ማናችሁም ሳትነሡ የተነሣሁት እኔ ነኝ።»

ጫኔ እጅጌውን ገለጠና የተሰነጣጠቀውን ክርኑን አሳየ። «የነበረኝ አንድ መድኃኒት ነው፣ ለሷ ሰጠሁት። ከበሽታዋ ላላወጣት እችላለሁ፣ ከሐዘኗ ግን አውጥቻታለሁ። ደስ ብሏት የኖረችበትን ዓመት የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ካሴ ቀና አላለም። «ያዘገየኋት እኔ ነኝ» አለ። «ያወጣኋትም እኔ ነኝ። ቃሏ ደግሞ ‹ያወጣኝን› ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «አንዱ አቃጠላት፣ አንዱ ሸፈነባት፣ አንዱ ደበቀባት» አለ።  ሌላው ሽማግሌ ደግሞ «አንዱ ታወረላት፣ አንዱ ቆሰለላት፣ አንዱ ብቻውን ቀረላት» አለ። 

አንጓች ጋቢውን በሁለት ክንዷ አቅፋ ቆማለች። አንዱን ብትጠላ ኖሮ እንዴት በቀለላት! ብትፈልግ ብትፈልግ የምትጠላው አጣች። የአስረስን የነጣ ዓይን ታያለች፣ ልቧ ይሄዳል። የጫኔን ክርን ታያለች፣ ልቧ ይሄዳል። ካሴን ታያለች፣ ዝም ያለባትን ሁለት ዓመት ትቆጥራለች፤ ደግሞ ያ ጠዋት በገበያው መሃል እጇን ሲይዛት ትዝ ይላታል። ማን እጇን ይዟት ያውቃል ከዚያ ወዲህ? ለሁለቱ የሚሆን ሌላ ጋቢ የላትም፣ አትፈትልምም። ያለበሰችው ከሷ ጋር ሲኖር ሌሎቹ ሁለቱ ያጠፉትን ጥፋት ብቻ ይዘው ወደየቤታቸው ሊሄዱ ነው። ለማንም ባትሰጥ ደግሞ ቃሏን አጥፍታ፣ ያለ እጅና ያለ አባት፣ ሰው በማይገባበት ጎጆ ብቻዋን ልትቀር ነው።

ሦስቱም ወንድሞች ከፊቷ ተንበርክከው፣ እንድታለብሳቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገዋል። አንጓች ጋቢውን ለመዘርጋት ክንዷን አንሥታለች። እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም፣ ያወቀም አላገኘሁም። እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ ጋቢው የሚገባው ለማን ነው?